ድንኳን ያስተከለው ፎቶ

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
የቅበላ እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለወይዘሮ ፍረወይኒ፣
መቀሌ

ፍሬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? እናትሽስ ዳሌያቸው እንዴት ሆነላቸው? እህትሽ ዓለምስ? እኔ ደህና ነኝ። «ከናፍቆትሽ በቀር» የሚለውን ሐረግ ድሮ በየደብዳቤው መግቢያ ላይ እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም ስንመታው ስለኖርን ዋጋው ወርዷል፤ ስለዚህ ለጊዜው አላስገባሁትም። ቦታ ከተረፈ መጨረሻ ላይ እናየዋለን።

በአማርኛ የምጽፍልሽ፣ እናትሽ ደብዳቤ ሲነበብ ከጎንሽ እንደሚቀመጡ ስለማውቅ ነው። ትግርኛዬን በቀይ እስክሪብቶ አርመው የመለሱልኝን አልረሳሁም። መምህር ጡረታ ይወጣል እንጂ እስክሪብቶው አይወጣም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ማለዳ ልጅሽ ሄርሞን ደውላ «እማዬ፣ አለሽ?» ብላ አለቀሰችብሽ። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔም «ፕሪንተሩ ተበላሽቷል» ብዬሽ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ልጅቷን ምን ሆናችሁ ነው እያልሽ ትጠይቂያታለሽ፤ እሷም «አባዬን ጠይቂው» ትላለች። ልክ ናት። ነገሩ ኃላፊነት ያለበት ሰው ረጋ ብሎ በጽሑፍ ሊያቀርበው የሚገባ ነው፤ ኃላፊነቱ ደግሞ የእኔ ነው።

ፕሪንተር ገዝቻለሁ። ፎቶ የሚያወጣ፣ ለቤት የሚሆን፣ ቀለም የሚረጭ ዓይነት። ዕድሜውን በግዥ ክፍል ኃላፊነት የጨረሰ ሰው ግን ዕቃ ዝም ብሎ እንደማይገዛ ታውቂያለሽ። የቴክኒክ ኮሚቴ አቋቋምኩ፦ ሰብሳቢ እኔ፣ ጸሐፊ ሄርሞን፣ ታዛቢ ቴሌቪዥኑ። የግዥው ዓላማ «የቤቱን ልዩ ልዩ ሰነዶች ለማተም» ተብሎ ጸደቀ። ሄርሞን የትኞቹን ሰነዶች ብላ ጠየቀች። ልዩ ልዩዎቹን አልኳት።

ከዚያ ለገበያ ጥናት መገናኛ ወጣሁ። እዚያ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሐሩን የሚባል የኮምፒውተር ዕቃ ነጋዴ አለ፤ ምላሱ ከሚሸጠው ዕቃ ሁሉ የፈጠነ። ገና ከመግባቴ፣ «ፋዘር፣ ለጽሑፍ ነው ለፎቶ?» አለኝ። ለልዩ ልዩ አልኩት። ፊቴን ትንሽ አየና «ፎቶ ነው» ብሎ ለራሱ መለሰ። ከዚያ አስተማረኝ። ሌዘር የሚባለው ለጽሑፍ ነው እንጂ የሰው ፊት አይሆንለትም አለ። በካርትሪጅ የሚሠሩት ትንንሾቹ ዋጋቸው ደስ ይላል፤ ነገር ግን በቅሎዋን በነጻ ሰጥተው ገብሷን በወርቅ የሚሸጡልህ እነሱ ናቸው አለ። ሦስተኛው ታንክ ያለው ነው፤ ቀለሙ በጠርሙስ ተገዝቶ እንደ ዘይት ይሞላል። ባለ ስድስት ቀለምም ነበረው፤ የፊትን ጥላ አሳምሮ ያወጣል እያለ ብዙ ወተወተኝ። ኮሚቴው ግን ስድስት ቀለም ለልዩ ልዩ ሰነድ ቅንጦት ነው ብሎ ባለ አራቱን አጸደቀ። ይህ ስህተት እንደነበር ዛሬ አምናለሁ፤ የአንቺ ፊት ስድስቱንም ይፈልጋል።

ሳጥኑን ሲያስረክበኝ ሐሩን እንዲህ አለ፦ «አንድ ነገር ብቻ ፋዘር። ይኼ ዕቃ ዝምታ አይወድም። በሳምንት አንዴ ባለ ቀለም ካላሳተምከው ቀለሙ ጭንቅላቱ ላይ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ብትለምነው አይሰማህም።»

ዝምታ የማይወድ ፍጥረት ቤቴ ሳስገባ ይህ ሁለተኛዬ ነው ብዬ አሰብኩ። (ይህቺን መስመር ለእናትሽ አታንብቢላቸው።)

ሳጥኑን ጭኜ በታክሲ ወደ ገርጂ ስመለስ ረዳቱ «ወንበር ይዟል» ብሎ ለሳጥኑም እንደ ሰው አስከፈለኝ። አልተከራከርኩም። ከጎኔ ሰው ከተቀመጠ ቆይቷል።

ለሙከራ ፎቶ ያስፈልግ ነበር። ያንቺ ፎቶ የተመረጠው ስልኬ ላይ መጀመሪያ ስለተገኘ ብቻ ነው። ሄርሞን ግን «እስኪገኝ ድረስ ግማሽ ቀን ፈልገሃል» ትላለች። የጸሐፊዋ የልዩነት ሐሳብ ተመዝግቧል። እርግጥ ነው፣ ፎቶ ጠፍቶ ነበር። በዚህ ቤት የምታነሺው አንቺ ነሽ። እኔ በጡረታ መሸኛዬ ላይ አለሁ፤ እኔ ለፋሲካ ከተገዛው በግ ጋር አለሁ፣ በጉ ከእኔ አምሮ። ሄርሞን ከሕፃንነቷ እስከ ምርቃቷ ሙሉ አለች። አንቺ የለሽም። ሁላችንንም የምታዪን አንቺ ነበርሽ፤ አንቺን ያየ ሰው ግን የለም። አንዲት ብቻ ተገኘች፦ የጎረቤታችን የሸይማ ልጅ ሰርግ ላይ ሰው ያነሳሽ። የሌላ ሴት ቦርሳ ታቅፈሽ፣ ወደ ጎን ዞረሽ ትስቂያለሽ። የሚያስቅሽ ነገር ከፎቶው ውጭ ስለሆነ በምን እንደምትስቂ አይታወቅም።

የመጀመሪያዋን ያተምኩት በወረቀቱ ጀርባ ነው። የፎቶ ወረቀት ቀለም የሚቀበለው በሚያብረቀርቀው ጎኑ ብቻ መሆኑን ማንም አልነገረኝም፤ ማለትም ፓኬቱ ላይ ተጽፎ ነበር። ቀለሙ አልደርቅ አለ፤ ወረቀቱን ቀና ሳደርገው ፊትሽ ቀስ ብሎ ወደ አንገትሽ፣ ከአንገትሽ ወደ ጠረጴዛው ልብስ ወረደ። (የጠረጴዛው ልብስ ከእህትሽ የመጣው ነጩ ነው። በዚህ ላይ ሌላ ደብዳቤ ይጻፋል።) በሁለተኛው ወረቀቱን አስተካክዬ አስገባሁ፤ አረንጓዴ ሆነሽ ወጣሽ። ትንሽ አረንጓዴ አይደለም፤ ሳቅሽ እንዳለ ሆኖ ከአንገትሽ በላይ የአደይ አበባ ቅጠል። ቀዩ ቀለም ተዘግቷል አለች ሄርሞን። ፕሪንተሩ ራሱን እንዲያጸዳ አዘዝነው፤ ሲያጓራ ቆይቶ ቀዩን በዥጉርጉር መስመር አወጣ። ደግመን አዘዝነው። ጭራሽ ተወው።

አርብ ማታ ሄርሞን ለሌሊት ፈረቃ ስትወጣ «አባዬ፣ ከእሱ ጋር አትጣላ። ቀዩ እስኪከፈት በጥቁርና ነጭ አውጣው» ብላኝ ሄደች። አወጣሁት። ፍሬ፣ እሱ ላይ አንቺው ነሽ። ጥርስሽ፣ ያ በግንባርሽ ላይ ያለው ንቅሳት፣ ሁሉም። እንዳይታጠፍ ብዬ ፍሬም ፈለግኩ፤ በቤቱ ውስጥ ያለው አንድ ፍሬም የጡረታ የምስጋና ወረቀቴ ያለበት ጥቁሩ ነው። የምስጋና ወረቀቱን አውጥቼ አንቺን አስገባሁ። ወረቀቱ አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እስካሁን ቅሬታ አላቀረበም።

ልክ ፍሬሙን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አቁሜው ዞር ስል መብራት ሄደ። ሻማ ለኮስኩና እንዴት እንደወጣሽ ለማየት ፊት ለፊትሽ አቆምኩት። የቀለሙ ሽታ እንዲወጣ በሩን ከፍቼዋለሁ። ብርድ ስለነበር ጋቢ ደርቤያለሁ። ጢሜን... ጢሜን ተይው፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው። እና በዚህ ሁኔታ ተቀምጬ፣ ቀለም ነስቼሽ በመቅረቴ አዝኜ፣ ከአፌ አንድ ቃል አመለጠኝ፦

«አይ ፍሬ፣ እንዲህ ሆነሽ ቀረሽ?»

ቀና ስል ሸይማ ሳህናችንን ልትመልስ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ከፎቶው ወደ ሻማው፣ ከሻማው ወደ ጋቢው ሄደ። በለሆሳስ «ኢና ሊላሂ» አለች፤ ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀምጣ በእግር ጣቷ ወረደች። ጨለማው አስፈርቷት ነው ብዬ ተኛሁ።

አሁን የሰፈራችንን ጨዋነት አስቢ። ሸይማ ምን ሆነው ነው ብላ አልጠየቀችኝም፤ ሐዘንተኛ አይጠየቅማ። በቀጥታ ወደ እድራችን ዳኛ ወደ አቶ ኃይለኪሮስ ሄደች። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ ሰውየው ብቻውን ነው፣ ልጁም ሥራ ላይ ናት፣ ሌሊቱን አናስጩኸው፣ ማለዳ እንደርስለታለን ብለው ወሰኑ። እድራችን ዘመናዊ ስለሆነ ጡሩምባው በቴሌግራም ተነፋ። እኔ የቴሌግራሙ አባል አይደለሁም፤ መልካም ልደት የሚባባሉበት ነው ብዬ ወጥቻለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ በመዶሻ ድምፅ ነቃሁ። በመስኮት ባይ ከብሎካችን ፊት ድንኳን እየተተከለ ነው። ሰው ሞቷል ማለት ነው። የኔም ጨዋነት ከእነሱ አያንስም፤ ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ለቅሶ ማን ሞተ ተብሎ አይደረስም፣ ተደርሶ ነው ቀስ ብሎ የሚታወቀው። ነጠላዬን አጣፍቼ ወረድኩ። አግዳሚ ሲያወርዱ አግዛለሁ ብዬ አንዱን ጫፍ አነሳሁ። «አንተ ተው፣ ቁጭ በል» ብለው ከእጄ ቀሙኝ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ አሁንም ቀሙኝ። ጡረተኛን እንዲህ ማክበር ከጀመሩ ይህ ሰፈር ሊሻሻል ነው አልኩ። ድንኳን ስገባ ሰው ሁሉ ተነሳልኝ። ዋናው ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። አንዷ ሴት ትከሻዬን ይዛ ስታለቅስ እኔም፣ ሟቹ ማንም ይሁን ማን፣ ከልቤ አነባሁ። ሸይማ መጣችና «አብሽሩ ጋሽ ዘርአይ» ብላ እግሬ ሥር ተቀመጠች። በመጨረሻ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ሟቹን ጠየቅኳት። ሸይማ አፏን በነጠላዋ ይዛ የባሰ አለቀሰች። ራሱን ስቷል ብላለች ለካ።

ያን ጊዜ አቶ ኃይለኪሮስ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። የእድራችን አባል፣ የሁላችንም እህት፣ ወይዘሮ ፍረወይኒ በተወለደችበት አገር፣ አሉ።

ፍሬ፣ መርዶ ለባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚደርሰው። አገር ሁሉ ሰምቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ከዚያ በማለዳ ሽማግሌ ይመጣበታል። በእኛ ዘንድ ሰው እንዲህ ነው የሚረዳው፤ በእነዚያ ዓመታት ስልክ ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ስንቱ ጋ እንዲህ አድርገን ሄደናል። ስለዚህ ስምሽን ሲጠሩ ተሳስታችኋል አላልኩም። እኔ ያላወቅኩትን እነሱ አውቀዋል ብዬ አመንኩ። እነሱ ከእኔ ሰምተው ነው የመጡት፤ እኔ ደግሞ ከእነሱ ሰማሁ።

ከአግዳሚው ወረድኩ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ እዚህ አልጽፍም። ሸይማ ትነግርሻለች፤ ጨምራ ነው የምትነግርሽ፣ ግን ብዙም አትጨምርም።

ሄርሞን ከፈረቃ ስትመለስ ያገኘችን እንዲህ ነው። ድንኳን፣ አባቷ መሬት ላይ። ሴቶቹ ሊይዟት ሲሮጡ እጃቸውን ገፍታ ስልኳን አወጣች። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለመደወል የደፈረች እሷ ብቻ ነች። አንቺም አነሳሽ። በችኮላ ድምፅ ማጉያውን ነክታዋለች መሰለኝ፣ ድንኳኑ በሙሉ ሰማሽ፦

«የት እሄዳለሁ? ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ምን ሆነሻል አንቺ?»

ስልኩን ሰጠችኝ። የምነግርሽ ብዙ ነገር ነበረኝ። ሁሉም አንድ ላይ ወደ በሩ ሲጋፉ፣ ሹልክ ብሎ የወጣው ፕሪንተሩ ተበላሽቷል የሚለው ነው።

ከዚያ በኋላ ማጣራት ተደረገ። አቶ ኃይለኪሮስ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ቤታችን ወጡ፤ ፍሬሙን፣ የሻማውን ቁራጭና ጋቢውን መርምረው ሲወርዱ ማስረጃው ማንንም ያሳስታል ብለው ሸይማን ነጻ አወጧት። አረንጓዴዋን አንቺንም አይተዋል፤ ስለ እሷ ምንም አልተናገሩም። ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ተጀመረ፤ አልቅሶ የደከመ ሰው ሳቅ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። ንፍሮው ተቀቅሎ ስለነበረ በላነው። እኔም ላንቺ የተቀቀለ ንፍሮ በላሁ፤ ጨው ትንሽ ያንሰዋል።

ሸይማ ግን አልሳቀችም። ፎቶውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታየው ቆየች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣

«እሺ፣ ካለች ታዲያ ለምን አትመጣም?» አለችኝ።

እናቷን እያስታመመች ነው አልኩ።

«እናቷማ ድነው በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ራሷ ነግራኛለች።»

ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ ለዚህ መልስ የተሰበሰበ ይመስል ወደ እኔ ዞረ። ከአንድ ሚኒስቴር ሙሉ የኦዲት ጥያቄ ፊት ቆሜ አውቃለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ቦሌ ኤርፖርት ስሸኝሽ «አለመኖሬንስ ማን ያውቃል?» ብለሽ ስቀሽ ነበር። እኔም ሻንጣሽን አስመዝኚ አልኩሽ። እነሆ አለመኖርሽ ታውቋል፤ ድንኳን ተተክሎ፣ በቴሌግራም ተለፍፎ፣ ገርጂ በሙሉ አውቆታል። መቀሌ የቀረ አንድ ሰው ነው ያላወቀው።

ሸይማ አዘነችልኝ መሰለኝ ፎቶውን ወደ እኔ አዞረችው። «ይኼን ቀን አስታውሳለሁ» አለች። «በእርስዎ ነው እኮ የሳቀችው። ከሙሽራው አጎት ጋር ሲጨፍሩ ቀበቶዎ ተበጥሶ፣ ሱሪዎን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ትከሻ ሲመቱ።»

እኔ ማንም ያላየኝ መስሎኝ ነበር።

አቶ ኃይለኪሮስ በመጨረሻ ብይን ሰጡ። በደንባችን መሠረት የወጣ ድንኳን በባዶው አይመለስም አሉ። እንዲህ ያለ ደንብ ሰምቼ አላውቅም፤ እዚያው ያወጡት ይመስለኛል፤ ሰው ግን በአንድ ድምፅ አጸደቀው። ስለዚህ ድንኳኑ ዕዳ አለበት። አንቺ ስትመጪ እዚያው ቦታ ላይ ይተከላል፤ ያ ሁሉ ሰው ይመጣል፤ ሴቶቹም ያለቀሱትን ያህል እልል ይላሉ። ለፋሲካ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጾሙ ይፈታል፣ ዳቦም ይቆረሳል ተባለ። አቶ ኃይለኪሮስ ባርኔጣቸውን መልሰው እየደፉ «ትመጣለች?» አሉኝ።

እጠይቃታለሁ አልኩ። ይህ ደብዳቤ ያ ጥያቄ ነው። ብዙ የዞርኩት መንገዱን ስለማላውቀው ነው።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የዓለም ልጅ ፊሊሞን ነው። ፖስታው ውስጥ ፎቶሽ አለ፤ ሐሩን መጥቶ ቀዩን ስለከፈተልኝ ባለ ቀለሙን ነው የላክሁት። ፊሊሞን በመንገድ እንዳያጥፈው መከርኩት፤ ዕቃ ሲይዝ ግን ባየሁት መጠን ተስፋዬ ትንሽ ነው። እንግዲህ ቀዩ እንደገና እንዳይደርቅ በየሳምንቱ አንድ ባለ ቀለም ማተም አለብኝ፤ እኔ ግን ለጥንቃቄ በየቀኑ አትማለሁ፤ ያለኝ ደግሞ አንድ ፎቶ ነው። ሳሎኑ ሞልቷል፤ አሁን ፍሪጁ ላይ ጀምሬያለሁ። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር ሱሪዬን ይዤ ስጨፍር እያየሽ ትስቂብኛለሽ። ሄርሞን ለምን ሌላ ፎቶ አታትምም ትላለች። ሌላ ለማንሳት የፎቶው ባለቤት ራሷ ፊት ለፊቴ መቆም አለባት፤ ካሜራውን ደግሞ በዚህ ጊዜ እኔ እይዛለሁ።

እናትሽን እግዚአብሔር ጨርሶ ይማራቸው፤ ጉልበታቸው እንደ እስክሪብቶአቸው ይጽና። ዓለምን ሳሚልኝ፤ የጠረጴዛውን ልብስ ነገር ግን አታንሺባት። ነገ የሚገባውን ጾም በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈታን፤ አንቺንም መንገዱ ይቅለልልሽ።

እንደማየው ወረቀቱ ላይ ቦታ ተርፏል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ያቆየሁትን አሁን አስገባዋለሁ።

ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ባለቤትሽ
ዘርአይ